አብሽር፣ ይሠራል

የደሴ ፕሮግራመር ኮድ አይፈትሽም፤ ያምናል። ይህን የምለው ለማማት ሳይሆን ለማመስገን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዐይኑ ቀልቶ የጻፈን ልጅ «ቴስት አድርገኸዋል?» ብሎ መጠየቅ፣ ቡና ቀድታ ያቀረበችን ሴት «ውሃውን አፍልተሽዋል?» እንደማለት ነው። እኛ ዘንድ «አብሽር፣ ይሠራል» ከተባለ ይበቃል። ኮዱ ይገባል፤ ቀጣዩ ወሬ ይጀመራል።

ይህን ያማረ ባህል የሚያደፈርስ ሐሳብ ሰሞኑን ፒያሳ ቡና ላይ ቀርቧል። ከአዲስ አበባ የተመለሰ አንድ ልጅ «ዙል እንትከል» ይለናል። ዙል ኦፕንስታክ የተባለውን የክላውድ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ለራሳቸው የሠሩት፣ በ2018 ራሱን የቻለ ፕሮጀክት የሆነ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሥራው በር ላይ መቆም ነው። ኮድህን አዋቂ ሰዎች አይተው ቢያጸድቁልህ እንኳ ዙል ሰዎች በጻፉለት ቴስት ለብቻው ይፈትነዋል፤ ካለፈ ራሱ ወደ ዋናው ኮድ ያስገባዋል፣ ከወደቀ ይመልስልሃል። የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅም። ሰላምታም የለው።

መቼም ከሰው አይጠፋምና አንድ ደግ ጠባይ አለው። የተሰለፉትን ለውጦች አንድ በአንድ አያጉላላም፤ ከፊት ያለው ያልፋል ብሎ ገምቶ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር፣ ሦስተኛውን ከሁለቱ ጋር ደርቦ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይፈትናል። እዚህ ድረስ የኛው ሰው ነው፤ ያምናል። ታዲያ ሁለተኛው ወደቀ እንበል። ከሰልፉ ያወጣውና ከኋላው የነበሩትን በሙሉ ያለሱ እንደ አዲስ ይፈትናቸዋል። በዚያም አይበቃው። ባንድ ጊዜ የሚፈትነው 20 ከነበረ፣ አንድ ውድቀት ሲያይ በግማሽ ቆርጦ 10 ያደርገዋል። መልሶ የሚጨምረው ግን ለእያንዳንዱ ስኬት አንድ፣ አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቂመኛ ወሎ ምድር ላይ አይገኝም።

የኛን ይቅር ባይነት ለማየት ለባቲ ከብት ነጋዴዎች የተሠራውን የደረሰኝ ፕሮግራም ማየት ነው። ዓርብ ማታ አንዱ ልጅ ዋጋው በብር ይመዘገብ የነበረውን በሳንቲም እንዲሆን ቀየረው፤ ሽርፍራፊ ሒሳብ እንዳይዛባ ብሎ ነው፣ ደግ አሰበ። ሌላው በዚያው ማታ የደረሰኙን ማተሚያ ክፍል እንደ አዲስ ጻፈው፤ የተመዘገበውን ቁጥር አንሥቶ አጠገቡ «ብር» ብሎ ያትማል። ሁለቱም በየላፕቶፓቸው ሞከሩት፤ ሁለቱም ሠሩ። አብሽር ተባባሉና አስገቡ። ሰኞ የባቲ ገበያ ደርቶ፣ ግመሉና ፍየሉ ተጋፍቶ ሳለ፣ በ12,000 ብር የተሸጠች ፍየል 1,200,000 ብር የሚል ደረሰኝ ወጣላት። ባለ ፍየሉ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ወላሂ፣ እኔስ አልቃወምም» አለ።

ዙል ቢኖር ኖሮ ሁለቱን ደርቦ ፈትኖ ዓርብ ማታውኑ አንዱን ይመልሰው ነበር። (የደረሰኙን ዋጋ የሚያይ ቴስት የጻፈ ሰው ከተገኘ ነው እንግዲህ። አትሳቁ።) ገበያውም ያን ሁሉ ጨዋታ ያጣ ነበር።

ሁለቱ ለውጦች በተለያየ የኮድ ማከማቻ ቢሆኑም መላ አለው። የለውጡ መግለጫ ላይ «ዲፔንድስ ኦን»፣ ማለትም «በዚያኛው ላይ የተመሠረተ ነው»፣ ብለህ የሌላውን አድራሻ ታሰፍራለህ፤ ዙል አንዱን ከሌላው ጋር አዋሕዶ ይፈትናል፣ ያኛው ሳይገባም ይህን አያስገባም። እኛ ይህን በስልክ እንጨርሰዋለን። «ያንተን አስገባህ?» «እያስገባሁ ነው።» «በል የኔም ገባ።» ያኛው ያን ጊዜ ታክሲ ውስጥ ነው።

ደግሞ ለየፈተናው ንጹሕ ማሽን ይፈልጋል። ንጹሕ ማሽን! ግማሹ ኮዳችን የሚነሳው የጻፈው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ብቻ መሆኑን አገር ያውቃል፤ የትኛው ፋይል ደግፎ እንዳቆመው ግን ባለቤቱም አያውቅም። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ቃል ክብሩ እዚህ ላይ ነው። ዋስ ጠርቶ የሚምልን ሰው ባዶ ማሽን ላይ ወስዶ ማዋረድ ምን ይባላል?

በዘመድስ አይሆንም ወይ ብለን ጠይቀን ነበር። አስተዳዳሪው አንድን ለውጥ ከሰልፉ ፊት ማምጣት ይችላል ሲባል ፊታችን በራ። ለካ ፊት ከመጣ በኋላም ፈተናው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ታዲያ ምኑን ዘመድ ሆነ?

ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ባሕር ማዶ ወንድሞች አገኘን። ኦፕንስታክ ላይ ፈተና የወደቀበት ሰው «ሪቼክ» ብሎ ሲጽፍ ዙል እንደገና ይፈትንለታል፤ ቴስት አንዳንዴ በኮዱ ጥፋት ሳይሆን በኔትወርክ ወይም በማሽን መንገዳገድ ስለሚወድቅ። ሰዎቹ ታዲያ ሎጉን፣ የፈተናውን ውሎ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ሳይከፍቱ ሪቼክ፣ አሁንም ሪቼክ፣ እስኪያልፍ ሪቼክ። በዛና የፕሮጀክቱ መመሪያ «ሎጉን እዩ፣ ምክንያቱንም አብራችሁ ጻፉ» እስከ ማለት ደረሰ። አብሽርን ከኛ ማን እንደወሰደላቸው እንጃ፣ ይዘውታል።

ከዚህ ወዲያ ሐሳባችንን ቀየርን፤ ዙል ይተከል። ለውጥ የሚያልፍበት መስመር፣ እነሱ ፓይፕላይን የሚሉት፣ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ይዋቀራል፤ ለመጀመሪያው ፈተና ቼክ አለ፣ ለማስገቢያው ጌት አለ፣ ሌላም መጨመር ይቻላል። እኛም «ይሉኝታ» የሚል እንጨምራለን። ሕጉ አጭር ነው፦ ለውጡ ቢወድቅም ቀኑ ዓርብ ከሰዓት ከሆነና የቡናውን ሒሳብ የከፈለው ጸሐፊው ከሆነ፣ ይለፍ። ረቂቁ ትናንት ማታ ለልጆቹ ሁሉ ተላከ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም «አሪፍ ነው፣ ጸድቋል» ብለው መለሱ። ላኪው ዛሬ ጠዋት እንደነገረን የተያያዘው ፋይል ባዶ ነበር።