ሒሳብ ሲመጣ ስልክ የሚደወልለት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ያኮረፈ ያኩርፍ።

ሥጋ ቤት አብሮን የሚቀመጥ አንድ ወዳጅ አለን። ስሙን አልጠራም፣ ይህን ማንበቡ አይቀርም። ቁርጡ ሲመዘን «ጨምርበት፣ አትሰስት» የሚለው እሱ ነው። አዋዜ አለቀ ብሎ የሚጮኸውም እሱ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ስልክ ይደወልለታል። በር ላይ ቆሞ ያወራል። ሲመለስ ሁሉም ነገር ተከፍሏል። ወደ ቤት ስንሄድ ደግሞ «ይሄ ቤት እኮ ሌባ ነው፣ ዋጋው አይቀመስም» እያለ ይራገማል።

ስለ መሪዎች ስናወራ ሁላችንም እሱን ነው የምንመስለው። አንዱ የድልድይ ፎቶ ይለጥፍና «መሪ ማለት እንዲህ ነው!» ይላል። ሌላው ከሥር «ሌባ» ብሎ ይጽፋል። ሺህ ሰው ይሰዳደባል። ወለዱ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ የሩቅ አገር ሰው ላምጣላችሁ። ዘመድ ስለሌለው ማንም አይቆጣለትም።

ፖርቱጋልን የምናውቃት በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማና በ400 ወታደሮቹ ነው። ኋላ ከኢየሱሳውያኑ ጋር በተጣላንበት ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘጋነው። አገሪቱ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ታሪክ ነበራት። የ19ኛው ክፍለ ዘመኗ ትልቁ ሰው አንቶኒዮ ማሪያ ዴ ፎንቴስ ፔሬይራ ዴ ሜሎ ነው። በ1819 ሊዝበን ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሙያው ወታደራዊ መሐንዲስነት ነው። በ1848 የኬፕ ቨርዴ ደሴቶችን ወክሎ ፓርላማ ገባ። አባቱ የደሴቶቹ አገረ ገዥ ነበር፤ እንግዲህ መንገዱ ጨርቅ ሆኖለታል።

በ1851 ማርሻል ሳልዳንያ መንግሥት ገለበጠ። ለዘመኑ ያወጡለት ስም «ተሃድሶ» ነው። ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በማግስቱ ዓመት የመንገድና የባቡር ሥራ የሚመራ አዲስ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ፎንቴስ 33 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት የመጀመሪያው ሚኒስትሩ ሆነ። የገንዘብ ሚኒስትሩም እሱው ነበር። ገንዘብ አምጪውም አውጪውም አንድ ሰው ማለት ነው።

በእውነት ሠርቷል። ሥራውን ሲጀምር በአገሪቱ ውስጥ በወግ የተሠራ መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ሜትርና ኪሎ በሕግ ገቡ። ቴምብር ታተመ። የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። ባቡር ሐዲድ ተጀመረ። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከብድር። ደግሞ በ1852 የአሮጌውን ዕዳ ወለድ በአዋጅ ወደ 3 በመቶ ስላወረደው የለንደን አበዳሪዎች ተቆጡ። የፖርቱጋልን ቦንድ ከገበያቸው አገዱ። እነሱን ለማስታረቅ ፎንቴስ ራሱ ለንደን ድረስ ሄደ።

በ1856 አዲስ ብድርና አዲስ ግብር አቀደ። የመኳንንቱ ምክር ቤት አላሳልፍ አለ። ሚኒስትሮቹ ንጉሡን «ለእኛ ድምፅ የሚሰጡ አዳዲስ መኳንንት ይሹሙልን» ብለው ጠየቁ። ፔድሮ አምስተኛ ገና 18 ዓመቱ ነው። እምቢ አለ። በሰኔ መንግሥቱ ወደቀ። እሱን የተካው ሰው ሎሌ ይባላል (ስሙ ነው እንጂ የንጉሣውያን ቤተሰብ አማች ነው)።

አሁን ወደ ሐዲዱ ኑ። ጥቅምት 28 ቀን 1856 የአገሪቱ የመጀመሪያ ባቡር ከሊዝበን ወደ ካሬጋዶ ተነሣ። 36 ኪሎ ሜትር ናት። ንጉሡ አሉ፣ ካርዲናል ፓትርያርኩ አሉ፣ መኳንንቱ በሙሉ አሉ። ሎኮሞቲቩ ግን ያን ሁሉ ሰው የመጎተት አቅም አልነበረውም። በዘመኑ ሰዎች ትዝታ እንደሚወራው ፉርጎዎቹን በየመንገዱ እያራገፈ ነው የሄደው። ፓትርያርኩና ካህናቶቻቸው የተሳፈሩበት ሳካቬም ላይ ቀረ። ባለሥልጣናት ያሉበት ሌላው ደግሞ ፖቮዋ ላይ ተጣለ። ካሬጋዶ ትንሽ ራቅ ብትል ኖሮ ሎኮሞቲቩ ብቻውን ይደርስ ነበር እየተባለ ተሳቀ።

ጭብጨባው ለማን ነበር? ሐዲዱን ያስጀመረው ፎንቴስ ከሥልጣን ከወረደ አራት ወር አልፎታል። ሪባኑ የተቆረጠው በተተኪው ዘመን ነው። እናንተ ብትኖሩ ኖሮ የምትለጥፉት የሎሌን ፎቶ ነበር።

ፎንቴስ ተመልሶ መጣ። በ1867 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ በየዕለቱ በሚበላና በሚጠጣ ነገር ላይ ግብር ጣለ። ዕዳ አለ፣ ዕዳ ይከፈላል። ሕጉ የሚጀምረው ጥር 1 ቀን 1868 ነው። በዚያው ቀን ፖርቶና ሊዝበን አደባባይ ወጡ። በቀናት ውስጥ መንግሥቱ ለቀቀ፣ ግብሩም ተሰረዘ። ፖርቶ ውስጥ የዚያን ቀን ስም የያዘ ጋዜጣ ሳይቀር ተመሠረተ።

በድሃ ምሳ ላይ ግብር መጣል ግፍ ነው፣ አልከራከርም። ተሰልፈው የወጡትንም አልወቅስም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ግብሩ ይቅር ያለ ሁሉ ሐዲዱም ይቅር አላለም። ሁሉም ባቡሩ በየከተማው እንዲደርስለት ይፈልጋል። ታዲያ በምን? በሦስት ዓመት ከስምንት ወር ስድስት መንግሥት ተቀያየረ። አንድ ጳጳስ ሚኒስትር ሆነው «ቁጠባ» ብለው ሞከሩ። ሽማግሌው ሳልዳንያ አንዴ ደግሞ በወታደር ገለበጠ። በመጨረሻ በ1871 ማን ተጠራ? ያው ፎንቴስ፣ አሁን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ። አምስት ዓመት ተኩል ቆየ።

ይህኛው ጊዜ ደህና ነበር። ብራዚል የሄዱ ስደተኞች ሐዋላ ይልካሉ። የአገሪቱን ጉድለት የሚሸፍነው የእነሱ ገንዘብ ነው። ወንድሙን መርከብ ላይ ያሳፈረ ገበሬ የመንግሥቱን ሒሳብ እየደጎመ መሆኑን አያውቅም። ማንም አልነገረውም። ከአሥር ሰው ወደ ስምንቱ ማንበብ አይችልም ነበርና ጋዜጣ ላይ ቢወጣስ?

በ1875 በቅዱስ አንቶኒዮስ በዓል ዋዜማ አንድ ካርቱን ወጣ። ፎንቴስ በስሙ ሞክሼው በቅዱስ አንቶኒዮስ አምሳል ተስሏል። ንጉሥ ሉዊስን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ለቅዱሱ ምጽዋት ይሰበስባል። አጠገቡ የዘብ አዛዡ አለንጋ ይዞ ቆሟል። ሰጪው ዜ ፖቪንዮ ነው፣ ራሱን እያከከ። ዜ የፖርቱጋል ተራ ሰው ምልክት ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።

ይህን ካርቱን እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በ1878 በፎንቴስ መንግሥት በወጣው ሕግ የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ወንድ ማንበብ ባይችልም መምረጥ ቻለ። ዜ ድምፅ አገኘ። ምን አደረገበት? ለመንደሩ ባለርስት ሰጠው። ባለርስቱም በምላሹ መንገድ፣ ድልድይ፣ ለልጁ የመንግሥት ሥራ እያለ ከሊዝበን ለመነለት። ሁለት ፓርቲዎች በተራ ይገባሉ፣ በተራ ይወጣሉ። ንጉሡ አንዱን ይሾማል፣ የተሾመው ምርጫ ያካሂዳል፣ ያሸንፋል። ዜን አለንጋው ብቻ አይደለም የያዘው። «ለመንደሬስ?» የሚለው ጥያቄም ይዞታል። ለአገሬ በስንት ወለድ ብሎ አልጠየቀም።

በጥር 1887 ፎንቴስ ሞተ። እስከ 1886 ድረስ ሦስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ዕጣው ግን ይገርማል። ኤፌል (የፓሪሱ ማማ ሰው) ዱሮ በሚባለው ወንዝ ላይ የሠራው የማሪያ ፒያ ድልድይ በ1877 ሲመረቅ ፎንቴስ ሥልጣን ከለቀቀ ስምንት ወሩ ነበር። የሊዝበን ትልቁ ወደብ ሥራ ሲጀመርም ከሞተ ዘጠኝ ወር አልፎታል።

ሒሳቡም አላገኘውም። በ1889 ብራዚል ንጉሧን አባረረች፣ ገንዘቧ ወደቀ፣ ሐዋላው ቀጠነ። በ1890 እንግሊዝ በአፍሪካ ግዛት ጉዳይ ፖርቱጋልን አስፈራርታ አዋረደቻት። ለፖርቱጋል ያበድር የነበረው የለንደኑ ባሪንግ ባንክ በዚያው ዓመት ተንገዳገደ። በ1891 የባንክ ኖት በወርቅ መመንዘር ቀረ። በ1892 የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተቆረጠ። ለውጭ አበዳሪዎች ይከፈል የነበረው ወለድም ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ከእነሱ ጋር ስምምነት የተደረገው በ1902 ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን በፖርቱጋልኛ እንዴት እንደሚሉት አንድ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ያኔ ሁሉም ፎንቴስን ሰደበ። መቃብር አይመልስም። ሐዲዱ ግን ሐሰት አልነበረም። የማሪያ ፒያ ድልድይ እስከ 1991 ባቡር ተሸክሟል። 114 ዓመት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በብድር መግዛት ሞኝነት ነው የሚለኝ ካለ እከራከረዋለሁ። የተሳሳተው መግዛቱ ሳይሆን ዋጋውን ያየ ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ እናንተዬ፣ ነገ አንዱ የድልድይ ፎቶ ሲለጥፍ ልብም ስድብም አትላኩለት። ብድሩ ከማን ነው፣ በስንት ወለድ፣ ስንት ዓመት ይከፈላል፣ ከየትኛው ግብር ብላችሁ ጻፉለት። መልስ ላይሰጣችሁ ይችላል። እናንተ ግን ደጋግማችሁ ጻፉለት፤ ምረቃው ሳይደርስ።