ደረጃው ከካርዱ ሲሰረዝ ማን ያተርፋል?

ልጄ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ከመጪው ዓመት ጀምሮ በውጤት ካርድ ላይ የክፍል ደረጃ እንደማይጽፍ በማስታወቂያ አሳውቆናል። ምክንያቱ ደረጃ የልጆችን ሞራል ይሰብራል የሚል ነው፤ ፊንላንድም አታወጣም ተብሏል።

ከፊንላንዱ ልጀምር። እዚያ ሕፃናትን በደረጃ አለመደርደራቸው እውነት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ አገር አቀፍ ፈተናቸው ግን ውጤት የሚሰጠው ተፈታኙን ከሌሎች ተፈታኞች ጋር እያነጻጸረ ነው፤ በየትምህርቱ ከፍተኛውን ማዕረግ የሚያገኙት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ማስታወቂያውን ያረቀቀው ሰው እስከዚያ ድረስ አላነበበም መሰለኝ።

በግል ትምህርት ቤቶቻችን ማርክ እንዴት እንደሚታደል ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ለቤት ሥራ አሥር፣ ለደብተር አያያዝ አምስት፣ ለተሳትፎ አምስት እየተባለ ልጁ ፈተና ሳይቀመጥ ግማሽ መንገድ ይጓዛል። ባለፈው ሴሚስተር የልጄ አማካይ ውጤት 91 ነበር። ደስታችንን ሳንጨርስ ከታች ያለችውን መስመር አየን፦ ከ48 ተማሪዎች 33ኛ። ያቺ መስመር ባትኖር አጠገቡ ተቀምጬ አላስጠናውም፤ ክፍልፋይ መደመር እንደማይችልም አላውቅም ነበር። ለአርባ ስምንቱም ልጆች 91 መስጠት ይቻላል፤ አርባ ስምንቱንም አንደኛ ማድረግ ግን አይቻልም። ካርዱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ትምህርት ቤቱ እንዳሻው ሊያሳብጠው የማይችለው ደረጃን ብቻ ነው። እንዲሰረዝ የተፈረደበት ታዲያ እሱ መሆኑ በአጋጣሚ ነው?

በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። የወደቁት ልጆች ካርዳቸው ላይ ዘጠናዎቹን ሳያዩ ያደጉ ይመስላችኋል?

በደረጃ ሰበብ ልጁን የሚገርፍ ወላጅ አለ፤ አልክድም። እሱን ጠርቶ መገሠጽ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው፤ በእሱ ጥፋት የሁላችንም ዓይን አይሸፈንም። ፉክክር ከፈረንጅ የመጣ በሽታ ነው የሚሉትም ቢሆኑ የቅኔ ጉባኤ ቤት ደርሰው ቢመለሱ ጥሩ ነው። ተማሪው ቅኔውን ለመምህሩ ሲያሰማ ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደዘገየ የማያውቅ የለም። የቀደመውም የዘገየውን ያስጠናዋል።

የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ደግሞ ዘንድሮም ያ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ በ12ኛ ክፍል ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ፎቶ፣ ከሥሩ ነጥባቸው፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድሮ። ሞራል የሚሰብር ከሆነ አስቀድሞ እሱ ይውረድ።