የታመመ ሰው ፎቶ

እኛ ቤት አልበም ውስጥ የታመመ ሰው የለም። ሠርግ አለ፤ ክርስትና አለ፤ ምርቃት አለ። ከግንባር ተመልሶ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ ይነሳ የነበረው አጎቴ በወታደር ልብሱ የተነሳት አንዲት ፎቶ አለች። ከዚያ ወዲህ የለም። ግን እኮ ብዙ ዓመት ኖሯል። ትምህርት ቤት የሚያደርሰን እሱ ነበር። አክስቴን በስልክ «ሌላ ፎቶ የለውም እንዴ?» አልኳት። «አንቺ ደግሞ! በዚያ ሁኔታው ማን ያነሳዋል?» አለችኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ እዚሁ ለንደን ያየሁት ኤግዚቢሽን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዌልካም ኮሌክሽን የሚባለው ሙዚየም የጆ ስፔንስን ፎቶዎች አቅርቦ ነበር። ጆ በስቱዲዮ የሰው ሠርግና ልጅ እያነሳች ትተዳደር የነበረች ሴት ናት። ኋላ ላይ የገዛ ሥራዋን መጠየቅ ጀመረች። የቤተሰብ አልበም ሳቁን ብቻ እያስቀመጠ ጠቡን፣ ሕመሙንና እፍረቱን ይደብቃል አለች።

በ1982 የጡት ካንሰር ተገኘባት። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አንድ ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና በቀለም ጡቷ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገ። ይቆረጣል ማለቱ ነው። እሷ እምቢ ብላ እብጠቱ ብቻ እንዲወጣላት አደረገች። ከቀዶ ጥገናው በፊት ግን ጡቷ ላይ «የጆ ስፔንስ ንብረት?» ተብሎ ተጽፎ ፎቶ ተነሳች። የጥያቄ ምልክቱ ጭምር አለ። እዚያ ፎቶ ፊት ቆሜ እግሬ አልነቃነቅ አለኝ።

ከዚያ ከፎቶ አንሺዋ ሮዚ ማርቲን ጋር ሆነው ፎቶ ቴራፒ ያሉትን ሥራ ጀመሩ። አንዷ እንደ እናቷ ለብሳ፣ ወይም እንደ ልጅ ሆና፣ የቆየ ቁስሏን ታወጣለች። ሌላዋ ታነሳታለች። ከዚያ ይቀያየራሉ። እንዴት እንደምትነሳ የምትወስነው ተነሺዋ ራሷ ናት።

እንግሊዞችም ድሮ እንዲህ አልነበሩም። በ1850ዎቹ ሂዩ ዳይመንድ የሚባል ሐኪም ሰሪ በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የነበሩ ሴቶችን ያነሳ ነበር። ፎቶው ለሕክምና ይጠቅማል ብሎ ያምናል። ወሳኙ ግን እሱ ነበር። ካሜራው ከሐኪም እጅ ወጥቶ ታማሚዋ እጅ እስኪገባ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

እኛ ጋ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው። የራሳችንን ታማሚ ከአልበም እናወጣለን። የሰውን ታማሚ ግን በስልክ ቀርጸን ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን። መንገድ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ሲያገኙ ማይክ ይደቅኑበታል። ፀበል ቦታ የምትጮህ ልጅ ነጠላዋ ወድቆ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ስልኩ አፍንጫዋ ሥር ነው። ስሟ ሳይቀር ይጠራል። ከሥሩ «ሼር አድርጉ» ይላል።

ፀበሉን እየነቀፍኩ አይደለም። አጎቴን እንጦጦ ማርያም ወስደነው ቀለል ሲለው በዓይኔ አይቻለሁ። ስልክ የደገነበት ሰው ግን አልነበረም። ክብሩ ሳይነካ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው።

የፎቶ ባለሙያም አጥተን አይደለም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል አዲስ አበባ ላይ ከጀመረች ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ጎበዝ ልጅ አይተናል። አንዱ ተነስቶ ካሜራውን ለታማሚው ቢሰጠውስ? የሚፈራውን በር፣ እንቅልፍ ያጣበትን አልጋ፣ ደህና የዋለበትን ቀን ራሱ ያንሳ። ለማን እንደሚያሳየውም እሱ ይወስን።

እዚህ ለንደን ያለነውም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። እነዚያን ቪዲዮዎች «እግዚአብሔር ይማራት» እያልን የምንቀባበለው እኛው ነን። ቪዲዮውን የምንቀባበልበት ግሩፕ ላይ ስለዚያች የፀበል ልጅ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር። ነገ ትድናለች። ሥራ ትፈልጋለች፤ ታገባ ይሆናል። የስሟን ፊደል ሲጽፉ የሚመጣው ያ ቪዲዮ ነው። ያን ቀን ማን ያጠፋላታል? እስካሁን የመለሰልኝ የለም።