ጽሑፉ ስለዘለላቸው የኦልድ ቴነንት መቃብሮች

ስለ ኒው ጀርሲው ኦልድ ቴነንት የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ያቀረባችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ቦታው በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ከተደረገው የሞንማውዝ ውጊያ በቀር ታሪክ የሌለው አስመስሎታል። ይህ አይገባውም።

ጉባኤው የተመሠረተው በ1692 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በስኮትላንዳውያን ስደተኞች ነው። ዛሬ ኮረብታው ላይ የሚታየው የእንጨት ሕንፃ የ1751 ሥራ ነው። ስሙን ያገኘው ከሁለት ወንድማማች ፓስተሮች ነው። ጆን ቴነንት ገና በወጣትነቱ ሲያርፍ ዊልያም ተተክቶ ከአርባ ዓመት በላይ አገለገለ። ይህ ዊልያም ደግሞ በተማሪነቱ ታሞ፣ ሞቷል ተብሎ ቀብሩ ሲሰናዳ ነፍስ የዘራ ሰው ነው! በ1777 ሲያርፍ አስከሬኑ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር ተቀበረ። እንዲህ ያለ ታሪክ እንዴት ይዘለላል?

በማግሥቱ ዓመት ጁን 28 ቀን በሞንማውዝ ውጊያ የአሜሪካው ጄኔራል ዋሽንግተንና የእንግሊዙ ጄኔራል ክሊንተን ሠራዊት በዚያ አካባቢ ተጋጠመ። ከጥይቱ ሌላ የዕለቱ ሙቀት ብዙ ወታደር ፈጅቷል። ቁስለኞቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብተው ምእመናን በሚቀመጡባቸው አግዳሚዎች ላይ ተጋደሙ። ልቤን የሚነካው ግን የእንግሊዙ ሌተናንት ኮሎኔል ሄንሪ መንክተን ነው። ግሬናዲየር የሚባሉትን ምርጥ እግረኛ ወታደሮች እየመራ ሲወድቅ አሜሪካውያኑ አስከሬኑን ሜዳ ላይ አልተዉትም፤ በዚሁ ቅጥር ግቢ ቀበሩት። የወራሪ ጦር መኮንን ከአገሬው ገበሬዎች ጋር አንድ አፈር ለብሷል።

እባካችሁ የመንክተንን መቃብርና የቴነንትን ታሪክ ጽሑፉ ላይ ጨምሩበት።