ከፍቶ የሚገዛ ልጅ

ፓርቲ አመራረጣችንን የሚተቹ ሰዎች ያናድዱኛል። "ሕዝቡ ፕሮግራም አያነብም፣ ማኒፌስቶ አይጠይቅም" ይላሉ። ለምን ያነባል? ያነበበ ይጠራጠራል፣ የተጠራጠረ ይጠይቃል፣ የጠየቀ ሰው ደግሞ መጨረሻው እንደማያምር አባቶቻችን ያውቁታል። እኛ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የዳንን ጨዋዎች ነን። ሥዕሉን አይተን እንመርጣለን፣ ወደ ቤታችን እንገባለን።

ምርጫ ላይ ለፓርቲዎች ምልክት የሚሰጠው ማንበብ የማይችል ሰውም የሚፈልገውን ለይቶ እንዲያገኝ ነው። መልካም ሐሳብ ነው። እኛ ደግሞ አሳድገነዋል፤ ዛሬ ማስተርስ ያለውም በሥዕል ነው የሚመርጠው። እኩልነት ከዚህ በላይ የለም።

በ1997 ንብና ሁለት ጣት ነበሩ። ንቡ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣቱ የቅንጅት። ያኔ ካፌ ውስጥ ሁለት ቡና በጣት ማዘዝ የፖለቲካ አቋም ነበር፤ ቡናው ቶሎ ይምጣ ይዘግይ የሚወስነው የአስተናጋጁ ድምፅ ነው። በ2013 ደግሞ ብልፅግና በአምፖል፣ ኢዜማ በሚዛን መጡ። የሠፈራችን ሉካንዳ ቤት ባለቤት ሳያመነቱ ሚዛንን መረጡ። "የእንጀራዬ ነገር ነው" አሉ። (የሳቸው ሚዛን ኪሎውን አሟልቶ እንደማያውቅ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱን እንተወው።) አንዷ ጎረቤታችን ደግሞ መብራት እየጠፋ ስላስመረራት የአምፖሉን ሥዕል ስታይ አንጀቷን በላት። ሁለቱም ለ5 ዓመት የሚሆን ውሳኔ ሽንኩርት ለመምረጥ ከሚወስድባቸው ጊዜ ባነሰ ጨረሱት። ይሄን ፍጥነት የትኛው ምሁር ነው የሚያስተምረን?

እንዲህ እየኮራሁ ነው እንግዲህ የእህቴ ልጅ የመጣብኝ። ስምንተኛ ክፍል ነው። የጂኦሜትሪ ዕቃ ልገዛለት መርካቶ ይዤው ሄድኩ። ባለሱቁ አንድ የሚያምር ቆርቆሮ ሳጥን አወጣልን፤ ላዩ ላይ ትልቅ ሕንፃ ተሥሏል፣ ዳርና ዳሩ ወርቅማ ነው። እኔ በዕድሜዬም በልምዴም ሳጥኑን አይቼ "በቃ ይሄ ነው፣ ጠቅልለው" አልኩ። ልጁ ከፈተው።

ባለሱቁ እያየው ከፈተው! ኮምፓሱን አወጣ፣ እርሳስ ሰካበት፣ ከጎኑ የነበረ ባዶ ካርቶን ሳብ አድርጎ መርፌውን ተከለና አንድ ክብ አዞረ። መስመሩ ዞሮ ሲመጣ ከተነሳበት ጋር አልገጠመም። የጥፍር ውፍረት ያህል አለፈው። "ጋሼ፣ ይሄ ላልቷል። ሲዞር እግሩ ይከፈታል" አለኝ። ሌላ አስወጣ፣ ሞከረ፣ መለሰ። ባለሱቁ ፊቱ እየጠቆረ መጣ፤ እኔ በልጁ ፈንታ አፈርኩ። በመጨረሻ የሚገጥም ያገኘው ቀለሙ በለቀቀ፣ ጥጉ በተጨረመተ ሳጥን ውስጥ ነው። "ሳጥኑ እኮ አስቀያሚ ነው" ብለው፣ "በሳጥኑ አልሥልበትም" አለኝ።

ታክሲ ውስጥ ገብተን ገና ሳንቀመጥ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ እናንተ ፓርቲ ስትመርጡ ከፍታችሁ ታያላችሁ?"

እዚህ ላይ ነው የዘንድሮ ልጅ አስተዳደግ የሚያሳስበኝ። በልጅነቱ ኮምፓስ ከፍቶ የገዛ፣ አድጎ ፓርቲ ልክፈት ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ታሪክ ነገርኩት። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበር 545ቱን ወሰዱ። 2 ጎደላቸው፤ ያንተ ኮምፓስ እንዳለፋት ያለች ትንሽ ክፍተት። በ2007 ግን 547ቱንም። ክቡ ገጠመ! ማን ከፈተ? ማን በካርቶን ላይ ሞከረ? ሳይከፈት ገጠመ። ልጁ ትንሽ አሰበና "መርፌውን የያዘው ማን ነበር?" አለ። ረዳቱን "ሒሳብ ተቀበለን" አልኩት።

ቤት ስንደርስ ማስመሪያውን አየሁት፤ ዕቃው ሲገዛ አሮጌውን አልጣለም። ጫፉ ተሰብሮ ከ3 ነው የሚጀምረው። "በዚህ ትለካለህ?" አልኩት። "አዎ፣ ከመጨረሻው ላይ 3 እቀንሳለሁ" አለኝ። አይ ልፋት! እኛ መቼ ቀንሰን እናውቃለን? የእያንዳንዱ ፓርቲ ማስመሪያ የራሱ መጀመሪያ አለው። የአንዱ በደል ከምኒልክ ይጀምራል፣ የሌላው ከ1966፣ የአንዳንዱ ከ1983። ከ2010 ወዲህ ብቻ የሚቆጥርም አለ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ማስመሪያ የሱ እጅ ላይ ስለነበረ ነው መሰለኝ። ደጋፊው የተሰጠውን ማስመሪያ ተቀብሎ ልክ ከተሰበረበት ቦታ ላይ "0" ብሎ ይጀምራል። አጫጭር ስኬቶች ረጅም፣ ረጃጅም ጥፋቶች አጭር ሆነው ይወጣሉ። ቀንስ የሚለው ከተገኘ ደግሞ ባንዳ ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ፕሮትራክተሩ ነው፤ ያ ግማሽ ክብ የአንግል መለኪያ። ለካ ቁጥሩ በሁለት ረድፍ ነው የተጻፈው። አንዱ ከቀኝ ይነሳል፣ ሌላው ከግራ። ያው አንድ አንግል በላይኛው ረድፍ 60፣ በታችኛው 120 ይነበባል። ልጁ "መጀመሪያ መስመርህ የተኛው በየትኛው 0 ላይ እንደሆነ ታያለህ፣ ከዚያ በዚያው ረድፍ ትሄዳለህ፤ መሐል ላይ ረድፍ ከቀየርክ ዜሮ ነው የምታገኘው" አለ። ዜሮ ሲል ማርኩን ማለቱ ነው።

ይሄ መሣሪያ የተፈጠረው ለኛ ነው! ልጁ ብቻ ነው አጠቃቀሙን ያልቻለበት። እስቲ የኛን ደጋፊ እዩት። የኛ ፓርቲ የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር "ማሻሻያ" ነው፤ የነሱ ቢጨምር "ሕዝብ ጠሉ ሥርዓት"። ከኛ ፓርቲ ግማሹ አመራር ሲወጣ "ራሱን አጠራ"፤ ከነሱ አንድ ሰው ሲወጣ "ፈረሰ"። የኛ ሊቀመንበር 20 ዓመት ሲቀመጥ ልምድ፣ የነሱ ሁለተኛ ዙር ሲጀምር ሥልጣን ጥም። አንግሉ ያው ነው፣ የተነበበበት ረድፍ ነው የተለየው። ለዚህ ነው እኛ በማርክ የማንወድቀው። አራሚውም በየትኛው ረድፍ ማንበብ እንዳለበት ቀድሞ ተነግሮታል።

"ሁለቱ ረድፍ የሚስማሙበት የለም?" ብዬ ጠየቅኩት። "90 ላይ ብቻ" አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ደጋፊዎችም በአንድ ነገር ይስማማሉ። የዚህኛውም የዚያኛውም ደጋፊ ማኒፌስቶ አላነበበም።

ፕሮትራክተሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ እሱን ትምህርት ቤት አያስተምሩትም። "እንደ ንጉሡ አጎንብሱ" ሲባል ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማን ይለካል? የወረዳችን ካድሬ ይለካል። በኅዳር 2012 ከ4ቱ የኢሕአዴግ ድርጅቶች 3ቱ ከአጋሮቻቸው ጋር ተዋሕደው ብልፅግና ሲባሉ ንቡ ሄዶ አምፖሉ መጣ። ሰውዬው አንድ ቀን አልተንገዳገደም። ቲሸርት ቀየረ፣ ወገቡን ትንሽ አስተካከለ፣ ስብሰባውን ካቆመበት ቀጠለ። ዕድሜ ልኩን ማር ሲያስቀምስ እንዳልኖረ ስለ ብርሃን ሲያስረዳ ያዳመጠ ሰው እንባው ይመጣል። እንዲህ ያለ ወገብ እያለን ኮምፓስ ላላ፣ ኮምፓስ ጠበቀ እያሉ ማላዘን ነውር አይደለም?

ሴት ስኩዌር የሚሉት ባለሦስት ማዕዘን ማስመሪያ ለምን እንደሚሆን አልነገረኝም። እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ማታ ላይ ዕቃውን ወደ ሳጥኑ ሲመልስ ላጲሱን አነሳና፣ "እናንተስ? ከመረጣችሁ በኋላ ባይሆንላችሁ በምን ታጠፋላችሁ?" አለኝ። ሳቄ መጣ። ላጲስ ምን ያደርግልናል? 5 ዓመት እኮ ረጅም ነው፣ በራሱ ይጠፋል። ካላመነኝ ነገ ጠዋት ሠፈሩን ዞሮ ይጠይቅ አልኩት፤ ሉካንዳ ቤቱንም፣ ጎረቤታችንንም፣ ካድሬውንም ጭምር። በ2013 ብልፅግና ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አሸንፏል። በሠፈራችን ግን እሱን መረጥኩ የሚል አንድ ሰው ቢያገኝልኝ፣ ያንን ወርቅማውን ሳጥን ነገውኑ ሄጄ እገዛለታለሁ።