የዮርክ መስታወትና የደብራችን ግድግዳ

ባለፈው ክረምት፣ ሰሜን እንግሊዝ ወደምትገኘው ወደ ዮርክ ከተማ ለአንድ ቀን ሄጄ ነበር። በትልቁ ካቴድራል ደቡባዊ በር አጠገብ ስደርስ ፈጽሞ ያልጠበቅሁት ሰው ከነሐስ ተሠርቶ፣ ሰይፉን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁ። ቆስጠንጢኖስ ነው፤ የንግሥት እሌኒ ልጅ፣ ደመራ በተለኮሰ ቁጥር ከእናቱ ጋር ስሙን የምናነሣው ንጉሥ። አባቱ ቁንስጣ እ.ኤ.አ. በ306 በዚህች ከተማ ሲሞት ሠራዊቱ እዚሁ ልጁን ቄሣር ብሎ አነገሠው። እንግሊዝ አገር ይህን ያህል ዘመን ስኖር፣ በየመስከረሙም በስደት ደመራ ስንደምር፣ የመስቀሉ ታሪክ አንዱ ጫፍ የባቡር ትኬት በሚያደርስበት ቦታ መሆኑን አለማወቄ አሳፈረኝ።

የቆጨኝ ግን ይህ ሳይሆን ወደ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ያየሁት ነው። የዛሬው ሕንፃ በ1220 ገደማ ተጀምሮ የተባረከው በ1472 ነው (የማነሣቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል ባለቀለም መስታወት ቆሟል። ጆን ቶርንተን የተባለ ባለሙያ ከ1405 እስከ 1408 የሠራው ሲሆን፣ ከኦሪት ዘፍጥረትና ከዮሐንስ ራእይ የተወሰዱ ታሪኮች ተሥለውበታል። መስታወቱ ሲዳከም ሳንቃ በሳንቃ አወረዱት፤ 311 ክፍሎቹን ፈትተው ብርጭቆውን አንድ በአንድ አጸዱ፣ የተሰበረውን ገጠሙ፣ ብርጭቆዎቹን የሚያያይዘውን የእርሳስ ብረት ለወጡ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ወደ ነበረበት ስፍራ መለሱ። ሥራው አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶ በ2018 ተጠናቀቀ። ከመስታወቱ ሥር ቆሜ ያሰብሁት ግን የእኛን ደብር ነበር።

ተወልጄ ያደግሁበት ደብር በሣር የተከደነ፣ በጭቃና በድንጋይ የተሠራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን የሸፈኑት ሥዕሎች በጧፍ ጢስ ጠቁረው ነበር፤ እኔም ልጅ ሳለሁ የጊዮርጊስን ፈረስ ዓይን እያየሁ ቅዳሴው የሚያልቅበትን ሰዓት እጠብቅ ነበር። ከዓመታት በፊት የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው «አርጅቷል፤ ለክብሩ የሚመጥን ሕንፃ ይሠራለት» ብሎ በውጭ አገር ያለነውን ሲለምን፣ ሁላችንም እያለቀስን ሰጠን፤ እኔም ሰጠሁ። ሥዕሎቹን ምን ልታደርጓቸው ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ግድግዳው ከነሥዕሉ በሁለት ቀን ፈርሶ አፈሩ ለመሠረቱ መደልደያ ዋለ። ዛሬ በቦታው የሲሚንቶ ምሰሶዎች ያሉት፣ ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ሰፊ ሕንፃ ቆሟል፤ ሕዝቡም በዝናብ ጊዜ ይጠለልበታል። ሰፊ ቤት ማስፈለጉን አልክድም፤ አሮጌው ቆሞ አዲሱ ጎኑ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ቦታው ነበረን።

ዮርኮች ከእኛ የበለጠ ሀብት ስላላቸው ነው የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ሀብቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በሀብት ብቻ አይገለጽም። ሐምሌ 9 ቀን 1984 የካቴድራሉ ደቡባዊ ክንፍ ጣራ ተቃጥሎ ሲወድቅ፣ ጽጌረዳ የሚመስለው ክብ መስኮት 40,000 ያህል ቦታ ተሰነጠቀ። ይህ ሁሉ ስንጥቅ እያለ ግን አንሥተው አልጣሉትም፤ ጠገኑት እንጂ፤ ክንፉም በ1988 ዳግም ተከፈተ። ከካቴድራሉ ጎን ባለው የድንጋይ መጥረቢያ ግቢ ዛሬም ወጣት ተለማማጆች መሮና መዶሻ ይዘው የተበላውን ድንጋይ እየለኩ አዲሱን በአምሳሉ ይጠርባሉ። ድንጋይ ጠራቢ፣ ሠዓሊና ብራና ፋቂ እኛም አገር ሞልተው ነበር፤ የቀሩትንም የሚፈልጋቸው የለም።

እንግሊዞች ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበሩ ማለቴም አይደለም። በ1800 የከተማው አስተዳደር ዮርክን ዙሪያዋን የከበበውን ግንብ ሊያፈርስ ተነሥቶ ከፊሉን አፍርሷል፤ በየበሩ ፊት ከነበሩት የግንብ መከላከያዎችም ዛሬ የተረፈው የዎልምጌት በር ብቻ ነው። ዊልያም ኤቲ የተባለው የከተማው ተወላጅ ሠዓሊና ሌሎች ሰዎች ተቃውመው ባይጮሁ ኖሮ፣ እኔ ከሰዓት በኋላ የሄድሁበት ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ግንብ አይኖርም ነበር። ከእኛ መካከል እንዲህ የጮኸ ሰው አለመገኘቱ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከዮርክ በተመለስሁ ማግስት ወደ ቄሰ ገበዙ ደወልሁ። «አባ፣ ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን የተረፈ ነገር ይኖራል?» ስላቸው ጥቂት አሰቡና፣ መላእክት የተሣሉባቸው ሁለት የበር ሳንቃዎች በዕቃ ቤቱ ውስጥ ከጤፍ ጆንያ ሥር እንዳሉ ነገሩኝ። ምስጥ እንዳይበላቸው ከመሬት ከፍ አድርገው እንዲያስቀምጧቸውና ለማንም እንዳይሰጡ ለመንኋቸው። «ለምን ፈለግኸው ልጄ? አሮጌ እንጨት እኮ ነው» አሉኝ። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ አብረን እናያቸዋለን አልኋቸው።