«ኢንጂነር ሆነህ ሒሳብ?»

ወገን፣ ዛሬ ልተንፍስ። ረጅም ነው፤ የደከመው ይለፈው።

ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ማስተርሴን ሒሳብ ልማር አልኩ። ወንጀሌ ይሄው ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ላይ በሰላም ቡና ጠጥቼ አላውቅም። ጎረቤቱ «ምነው፣ ኢንጂነርነቱ ምን ጎደለበት?» አጎቴ «አስተማሪ ልትሆን ነዋ!» ይላል፣ ሰው ልገድል የተነሳሁ ይመስል። ከጊዮርጊስ ቀበሌ 14 የወሰደኝ ባለባጃጅ ሳይቀር «ወንድሜ፣ ሒሳብ እኮ በካልኩሌተር አልቋል» ብሎ መከረኝ። መልሴን ሲሰጠኝ ግን አምስት ብር ጎደለች።

እነሱስ ይሁኑ። ያንገበገበኝ የማመልከቻው ነገር ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ትራንስክሪፕቴን ተቀብለው ከላይ ያለውን የትምህርት ክፍል ስም አዩና «የመጀመሪያ ዲግሪህ ሒሳብ አይደለም፤ አይሆንም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወስጃለሁ እኮ፤ ታች ይመልከቱት።»

«እሱ የኢንጂነሪንግ ነው። ሪል አናሊሲስ ወስደሃል?»

አልወሰድኩም፤ ካልኩለስን ከሥሩ በማስረጃ የሚያረጋግጠው የሒሳብ ኮርስ ነው። አብስትራክት አልጀብራም አልወሰድኩም። ፋይሉን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

ልዩነት የለም አላልኩም። እኛ ፎሪየር ሲሪየስ (ሞገድን የሳይንና የኮሳይን ድምር አድርጎ መጻፍ) ስንማር ሥራችን የእያንዳንዱን መጠን፣ ማለትም ኮኤፊሸንት፣ አስልቶ ግራፍ መሳል ነበር። ስኩዌር ዌቭ (ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በድንገት የሚዘል ሞገድ) ይሰጥሃል፤ ሳይኖቹን እየደመርክ ትጠጋጋዋለህ። ዝላዩ አጠገብ ግን ጉብታ ይቀራል። 50 ተርም ደምር፣ 500 ደምር፤ ጉብታው ይጠብባል እንጂ ቁመቱ የዝላዩ 9 በመቶ ገደማ ላይ ድርቅ ይላል። ለምን ብዬ ብጠይቅ መምህራችን «ጊብስ ይባላል፤ ለፈተና አይመጣም» አሉ። በቃ፣ ያቺ ጉብታ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ጥያቄዋን የሚመልሰው ደግሞ ያው ሪል አናሊሲስ ነው። ልማረው ስል «መጀመሪያ ተምረኸው ና» ይሉኛል። የት ሄጄ? እንደገና ፍሬሽማን ልሁን? ኧረ በናታችሁ! ሦስት አራት የማሟያ ኮርስ ስጡኝ። ወይ ፈትኑኝና ስወድቅ አባሩኝ።

የሚገርመው፣ በአናሊሲስ ሊሚትን (ወደ አንድ ዋጋ እየተጠጉ መሄድን) መልክ ካስያዙት ዋነኛው፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ፣ ራሱ መሐንዲስ ነበር! ፓሪስ የድልድይና መንገድ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1810 ለናፖሊዮን የሼርቡርግ ወደብ ግንባታ ላይ ተመድቦ ሠርቷል። የአናሊሲስ ትምህርቱን ያሳተመው በ1821 ነው። የሒሳብ ሊቁ ራውል ቦትም ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ በ1949 በሒሳብ ዶክትሬቱን ያዘ፤ ዛሬ ቶፖሎጂ (የቅርጾች ሒሳብ) ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቲዎረም አለው። ሁለቱም እኛ ጋ ቢያመለክቱ ፋይላቸው ተገፍቶ ይመለስ ነበር።

በ2003 ኬፕ ታውን አጠገብ ሙይዘንበርግ ላይ የተከፈተው ኤይምስ (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም) ሒሳብ በደንብ የወሰደ ኢንጂነር ያስተምራል። ስለዚህ ኤፕሲሎን (የአናሊሲስ ማስረጃ ሁሉ የሚጀምርባትን ፊደል) ለመማር ከጣና ዳር ተነስቼ አህጉር ላቋርጥ ነው ማለት ነው። እስከዚያው ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ በስልኬ ፒዲኤፍ እታገላለሁ። ማስረጃው ሊገባኝ ሲል ፎቶ አንሺው ይመጣል፦ «ብሮ፣ ጣናን ከጀርባ አድርጌ ላንሳህ?»

ከኢንጂነሪንግ ወደ ሒሳብ እዚሁ አገር ውስጥ የተሻገረ ካለ፣ የማሟያ ኮርስ የሰጠው የትኛው ክፍል እንደሆነ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። አጎቴን አይመለከትም።